«ውሃ አይገባውም ተብዬ ነው የገዛሁት»፦ ስለ ስልክና ውሃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ክረምት ገባ ማለት የኔ ጠረጴዛ ላይ ውሃ የጠጣ ስልክ ተደረደረ ማለት ነው። ሐምሌና ነሐሴን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ፀሐይ አይታችሁ ያለ ጃንጥላ ትወጣላችሁ ከሰዓት ፒያሳ ላይ ሱሪ ሰብስባችሁ ጎርፍ ትሻገራላችሁ፣ ስልኩ ደግሞ ኪስ ውስጥ ነው። ሞባይል ጥገና ላይ ስለምውል ሰዉ ስልኩን ሲያስረክበኝ የሚለውን በቃሌ ይዤዋለሁ ማለት ይቻላል፣ ሁሌ አንድ አይነት ነው። እስኪ እንያቸው።

«ዋተርፕሩፍ ነው»

አይደለም። ታዋቂዎቹ አምራቾች ራሳቸው ውሃ ይቋቋማል ነው የሚሉት፣ ጨርሶ አይገባውም የሚለው ሻጩ ነው። ጋቢም እኮ ካፊያ ይቋቋማል፣ እስኪ ለብሳችሁት ቦርከና ወንዝ ውስጥ ግቡ።

አይፒ 68 ምናምን የሚባለው፣ ስልኩ አቧራና ውሃ ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚናገረው ቁጥር፣ አንድ ቁጥር ሳይሆን ሁለት ነው። 6 ስለ አቧራ ነው፣ ስለ ውሃ የሚያወራው ሁለተኛው ብቻ ነው። 7 ከሆነ 1 ሜትር ጥልቀት 30 ደቂቃ ማለት ነው። 8 ሲሆን ግን ከ7ቱ የጠነከረ ይሁን እንጂ ጥልቀቱንና ሰዓቱን የሚወስነው አምራቹ ራሱ ነው፣ ስለዚህ 68 እና 68 እኩል አይደሉም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2016ቱ ጋላክሲ ኤስ 7፣ 1.5 ሜትር ነበር፣ የ2018ቱ አይፎን ኤክስ ኤስ 2 ሜትር፣ የ2020ው አይፎን 12 ደግሞ 6 ሜትር፣ ሁሉም ለ30 ደቂቃ፣ ሁሉም 68 ተብለው። ፈተናው ደግሞ በአዲስ ስልክ፣ በንጹህና በረጋ ውሃ ነው። ኦሞ ያለበት ሳፋ፣ ሻይ፣ ጨው ያለው ውሃ እዚያ ውስጥ የለም።

«68 ካለፈ ቧንቧ ምን ያደርገዋል?»

አንድ የባጃጅ ሹፌር ባጃጁን ሲያጥብ ስልኩንም በጎማው ቱቦ አጠበው። በግፊት የሚመጣ ውሃ የራሱ ፈተና አለው፣ ሁለተኛው ቁጥር ላይ 5 እና 6 የሚባሉት እነሱ ናቸው፣ 8ን ያለፈ ስልክ እነሱንም አልፏል ማለት አይደለም። ሁለቱንም ካለፈ አምራቹ ሁለቱንም ነጥሎ ይጽፈዋል። ካልተጻፈ በቱቦ አታጥቡት በቃ።

«ውስጡ ድፍን ነው፣ ምንም ቀዳዳ የለውም»

ይሄን የሚል ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስልክ ሲከፈት ቢያይ ደስ ይለኛል። ስክሪኑ ዙሪያውን የተያዘው በቀጭን ጥቁር ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ነው፣ ከጫማ ክር የቀጠነ። ሲም ካርዱ የሚቀመጥባት መሳቢያ ጫፏ ላይ ዓይን የማይሞላ የጎማ ቀለበት አላት፣ ሰው መሳቢያዋን በመርፌ ሲያወጣ ሲመልስ ያቺን ጎማ ይቀድዳታል። ቻርጀር የሚሰካበት ዙሪያው ሌላ ጎማ ነው። ስፒከሩና ማይኩ ግን ሊደፈኑ አይችሉም፣ ድምፅ ራሱ የአየር እንቅስቃሴ ነዋ፣ ድፍን ስልክ ድዳ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ደቃቅ ወንፊትና ስስ ሽፋን ይደረግባቸዋል፣ አየር ያሳልፋል የውሃ ጠብታ ግን አያሳልፍም።

አየር መግባትና መውጣት ያለበት ለድምፅ ብቻም አይደለም። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ጆሯችሁ ይደፈን የለ? 600 ሜትር ገደማ ስለወረዳችሁ ነው፣ የአየር ግፊቱ ይጨምራል። ስልኩም እንደናንተው ነው፣ የውስጡ ግፊት ከውጪው ጋር ካልተስተካከለ ስስ ክፍሎቹ ይገፋሉ ይሳባሉ። እና ስልክ ይተነፍሳል ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ከዚህ የሚመጣው ጣጣ እንፋሎት ነው። ያ ሽፋን ጠብታን ነው የሚያግደው እንጂ እንፋሎትን አይደለም። ስልክ ሻወር ቤት ይዞ ገብቶ ሙዚቃ የሚሰማ ሰው «ውሃ ጠብ አላለበትም» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ግን ሙቅ እንፋሎቱ ገብቶ ብርድ ሲያገኘው ተመልሶ ውሃ ይሆናል። የካሜራው መስታወት ከውስጥ ጉም የሚለብሰው ለዚህ ነው።

«የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው ወይ ባትሪው የሚወጣ ውሃ አይቋቋምም»

ይሄ ሐሰት ነው። በፈረንጆቹ የ2014ቱ ጋላክሲ ኤስ 5 ጀርባው በጥፍር ይከፈታል፣ ባትሪው ይወጣል፣ ግን አይፒ 67 ነበር፣ ክዳኑ ላይ ጎማ ስላለው። ኤስ 7ም ጃክ (የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ) እያለው ነው 68 ያገኘው። አምራቾቹ ጃኩን ያነሱት ውሃን ሰበብ አድርገው ነው ብዬ እኔ በበኩሌ እጠረጥራለሁ፣ እሱን ተዉት።

«አንዴ ውሃ የሚቋቋም ከሆነ ሁሌም ይቋቋማል»

እዚህ ጋ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ማጣበቂያው ያረጃል፣ ስልኩ ሲወድቅ ፍሬሙ በፀጉር ስፋት ይከፈታል፣ ባትሪው ካበጠ ጀርባውን ይገፋዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስክሪን ከተቀየረ የድሮው ማጣበቂያ አለቀለት። ተከፍቶ የተዘጋ ስልክ ውሃ የማይቋቋም ስልክ ነው ብላችሁ ያዙት። በትክክል ለመመለስ የዚያን ሞዴል ማጣበቂያ አምጥቶ፣ ፍሬሙን በአልኮል ጠርጎ፣ በእኩል ተጭኖ ማቆየት ይጠይቃል። እኛ ሰፈር ግን ብዙው ሰው በቢ-7000 ሙጫ ዞር ዞር አድርጎ በላስቲክ አስሮ ነው የሚመልሰው። የራሴን ስልክ እንደዛ ዘጋሁት፣ ከሁለት ወር በኋላ ውሃ ጠፍቶ ከበርሜል በጆግ ስቀዳ ከሸሚዝ ኪሴ ዱብ አለ። ቢበዛ አምስት ሰከንድ ቢቆይ ነው። 67 የሚል ስልክ ነበር፣ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አወጣና ሞተ።

«ጤፍ ውስጥ ክተተው»

ሌላው ዓለም ሩዝ ይላል፣ እኛ ቤት የሚገኘው ጤፍ ነው። አንዲት እናት ስልኳን በፌስታል፣ ከነጤፉ፣ ሰርገኛ ጤፍ፣ ይዛ መጣች። «ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ አላወጣሁትም» አለችኝ። «አብሽሪ እትየ፣ አየዋለሁ» አልኳት። የቻርጀር ሶኬቱ ውስጥ በመርፌ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጤፍ አወጣሁ፣ ጤፍ እኮ ሩዝ አይደለም የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ከዚያ ስከፍተው ቦርዱ ላይ ያለው ውሃ እንዳለ ነው።

እህል በስልኩ ግድግዳ በኩል ውሃ አይስብም፣ ሜዳ ላይ ቢቀመጥ ከሚደርቀው በተሻለ አያደርቀውም። አፕልም በመመሪያው ስልካችሁን ሩዝ ውስጥ አታስቀምጡ፣ ቅንጣቱ ይጎዳዋል ብሎ በግልጽ ጽፏል። ከሰል አጠገብ ማስቀመጥና በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ደግሞ ይብሳል፣ እኛ ስልክ ስንከፍት ማጣበቂያውን የምናላቅቀው በሙቀት አይደል እንዴ? በአፍ እፍ ማለትም ውሃውን ወደ ውስጥ መግፋት ነው።

«በራ እኮ፣ ደህና ነው»

ብዙ ስልክ የሚሞተው ውሃ ውስጥ ሳይሆን ከሳምንት በኋላ ነው። ውሃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ ብረቱ ይበላል፣ በተለይ ቻርጀር ከተሰካ ኮኔክተሩ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይበቅላል። ስለዚህ ውሃ ከነካው አጥፉት፣ ሶኬቱን ወደ ታች አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት፣ ለማየት እያላችሁ አታብሩት፣ ቻርጅም አታድርጉት። ጠልቆ ከሆነ ወይ ኦሞ ወይ ሻይ ከነካው ቶሎ ተከፍቶ በአልኮል ይታጠብ፣ እዚህ ጋ ሰዓት ነው ወሳኙ። ውሃ ያወጣል የሚባለው የድምፅ አፕ ስፒከሩ አፍ ላይ ያለውን ያራግፋል፣ ቦርዱ ጋ አይደርስም።

«ማን ያውቅብኛል»

ዋስትና ያለው ስልክ ውሃ ገብቶት ሲበላሽ አብዛኛው አምራች አይሸፍነውም፣ 68 ቢሆንም። ሰዉ ታዲያ ይክዳል። ብዙ ስልኮች ሲም መሳቢያው ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ነጭ ስቲከር አላቸው፣ ውሃ ሲነካት ቀይ ትሆናለች፣ ቀይ ከሆነች ደግሞ አትመለስም። ባለፈው አንዱ «ወላሂ ውሃ የሚባል ነክቶት አያውቅም» አለኝ፣ መሳቢያውን አወጣሁና በባትሪ አብርቼ አሳየሁት። ቲማቲም መስላለች። ጎንበስ ብሎ ብዙ አያት።

«እንግዲህ ላብ ይሆናላ» አለኝ።