የጥንታዊ ቻይንኛ ፈሊጦች በዕለታዊ ካንቶንኛ

በሆንግ ኮንግ፣ በማካውና በጓንግዶንግ ግዛት የሚነገረው ካንቶንኛ ከጥንታዊው የጽሑፍ ቻይንኛ የወረሳቸው «ሲንግ ዩ» የሚባሉ ፈሊጦች አሉት። አብዛኞቹ በአራት የጽሕፈት ምልክቶች የታጠሩ ናቸው፤ የብዙዎቹ ትርጉም ከጀርባቸው ባለው ታሪክ ላይ ስለሚያርፍ፣ ታሪኩን ያልሰማ ሰው ቃላቱን አንድ በአንድ ቢያውቃቸው እንኳ መልእክቱ አይገባውም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈላስፋ ሃን ፌይ፣ አንዲት ጥንቸል ስትሮጥ ከማሳው ጉቶ ጋር ተላትማ ስትሞት ያየ የሶንግ አገር ገበሬ ሥራውን ትቶ ሌላ ጥንቸል ሲጠብቅ የአገሩ መሳቂያ እንደሆነ ጽፏል። ታሪኩ በአሮጌ ሥርዓት አዲስ ዘመንን ለመግዛት የሚሞክሩትን ለመንቀፍ የተነገረ ቢሆንም፣ «ሳው ጁ ዶይ ቶው» የሚለው ፈሊጥ ዛሬ ሳይለፋ ዕድል ለሚጠብቅ ሰው ይነገራል። የሆንግ ኮንግ ልጆች እንዲህ ያሉትን ፈሊጦች በትምህርት ቤት ከነታሪካቸው ይማራሉ፤ የአንዱ ፈሊጥ የመጨረሻ ቃል ለሌላው መጀመሪያ በሚሆንበት ጨዋታም ይለማመዷቸዋል።

ለተማሪ የሚከብደው ንባቡ ነው። በዕለታዊ ንግግር ድምፅ «ሴንግ» ሲባል፣ በአንድ ድምፅ መናገርን በሚገልጸው «ዪ ሃው ቱንግ ሲንግ» ውስጥ ግን ያው ምልክት «ሲንግ» ተብሎ ይነበባል። እግርም በአፍ «ጎክ» ነው፤ ለተፈጸመ ነገር የማያስፈልግ ጭማሪ ማድረግን በሚነቅፈው «ዋክ ሴ ቲም ጁክ» (እባብ ስሎ እግር መጨመር) ውስጥ ግን ጥንታዊው «ጁክ» ይገባል። ተናጋሪው ይህን «ም ሆው ዋክ ሴ ቲም ጁክ ላ» ብሎ ሲከለክል፣ መነሻውና መድረሻው የዛሬ ካንቶንኛ፣ መሐሉ የጥንት ጽሑፍ ነው። በሌላ በኩል ካንቶንኛ ለመብላት የሚጠቀምበት «ሲክ» ራሱ ጥንታዊ ቃል ስለሆነ፣ «ፋይ ጻም ሞንግ ሲክ» (እንቅልፍ ትቶ፣ መብል ረስቶ) ለጆሮው እንግዳ አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የአድማጭን ክብር መጠበቅ ነው። ሁለት ሰዎች ሳይግባቡ ሲቀሩ ካንቶንኛ ከራሱ ያፈለቀው «ጋይ ቱንግ አፕ ጎንግ» (ዶሮ ከዳክዬ ጋር ሲያወራ) ጥፋቱን በማንም ላይ አይጥልም፤ ጥንታዊው «ለበሬ በገና መደርደር» ግን አድማጩን ደንቆሮ ስለሚያደርገው፣ ለታላቅ ሰው ፊት ለፊት የሚነገር አይደለም።