የእውነትነት ሁኔታ ምንድን ነው?

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በሎጂክ ትምህርት ቀድሞ ከሚሸመድዳቸው ትርጓሜዎች አንዱ «መግለጫ ማለት እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን የሚችል ዓረፍተ ነገር ነው» የሚለው ነው። ፈተና ላይ ይህን ጽፎ ነጥቡን ያገኛል። ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ያልፋል፦ ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት እንዲሆን ምን ሆኖ መገኘት አለበት? የዚህ ጥያቄ መልስ የዓረፍተ ነገሩ የእውነትነት ሁኔታ ይባላል።

ጅማ አጠገብ ስላለው ስለ ጅሬን ኮረብታ «ዛሬ ጠዋት ጅሬን ላይ ዘንቧል» እንበል። እውነት የሚሆነው በዚያ ጠዋት ጅሬን ላይ ዝናብ ከጣለ ነው፤ ካልጣለ ሐሰት ነው። ተራ ነገር ይመስላል። ሆኖም ስለ ተናጋሪው ቅንነት፣ ስለ ማስረጃው ብዛት ወይም ስለ ሰሚው መስማማት አንዳች አልተነሳም። ወሳኙ ዝናቡ ብቻ ነው። አርስቶትል ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ማለት እውነት ነው፤ ያለውን የለም፣ የሌለውን አለ ማለት ሐሰት ነው ሲል ያስቀመጠው ይህንኑ ነው። ፖላንዳዊው የሎጂክ ሊቅ አልፍሬድ ታርስኪ በ1933 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ለሎጂክ ቋንቋዎች በጥብቅ ቀመር አሰናዳው። ፈላስፋው ዶናልድ ዴቪድሰን ደግሞ በ1967 እ.ኤ.አ. አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ፣ የዓረፍተ ነገርን ትርጉም ለማስረዳት የእውነትነት ሁኔታውን ማስረዳት ይበቃል ብሎ ተከራከረ። ጅሬንን በዓይኑ ያላየ ሰው፣ ይዝነብ አይዝነብ ሳያውቅ ዓረፍተ ነገሩ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምን ቢሆን እውነት እንደሚሆን ያውቃል።

ሁሉም ንግግር እንዲህ ያለ ሁኔታ የለውም። አውድማ ላይ «ቡናውን አገላብጡት!» የሚል ትእዛዝ፣ «ዝናቡን ያዝልን» የሚል ጸሎት፣ «ስንት ነው ኪሎው?» የሚል ጥያቄ እውነትም ሐሰትም አይደሉም። እነዚህን እንለፋቸው።

ዋናው ሥራ ያለው መግለጫ የሚመስለው ዓረፍተ ነገር ሁኔታው ተሟልቶ ሳይነገር ሲቀር ነው። «ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ተመሠረተ» የሚለውን እንውሰድ። የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲው የቆመው በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን ደግሞ በ1999። ስለዚህ ያው ቃል በአንዱ አቆጣጠር እውነት፣ በሌላው ሐሰት ይሆናል። መናኸሪያ ላይ «አውቶቡሱ 12 ሰዓት ላይ ይነሳል» ሲባል ለጅማ ሰው ገና ጎህ ሲቀድ ማለት ነው፤ ሰዓቱን በውጭ አቆጣጠር የሞላ እንግዳ ግን እኩለ ቀን ሊመስለው ይችላል፣ አውቶቡሱም ያመልጠዋል። ከእንዲህ ያለው ነገር ተነስተው «እውነት እንደየሰው ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። የተለያየው እውነቱ አይደለም፤ ሁለቱ ሰዎች ከአንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ወስደዋል። አቆጣጠሩ፣ ቦታው፣ ቀኑና ባለቤቱ ተሞልቶ ከተነገረ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ለሁሉም ሰው ወይ እውነት ነው ወይ ሐሰት።

በአማርኛ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው መጨረሻ ላይ የምትገባዋ «አሉ» ናት። «የአዲስ አበባው መንገድ ተዘግቷል አሉ» ያለ ሰው ምን ቢሆን እውነት ተናገረ ይባላል? መንገዱ ክፍት ሆኖ ቢገኝ «እኔ አሉ ነው ያልኩት» ብሎ ይወጣል፤ በእርግጥም የተናገረው ሁኔታ ሰዎች እንዲህ ማለታቸው ብቻ ነው። ሰሚው ግን ጉዞውን የሚሰርዘው መንገዱ ተዘግቷል ብሎ ነው። ወሬው ሦስተኛ ሰው ዘንድ ሲደርስ «አሉ» ትወድቅና «መንገዱ ተዘግቷል» ብቻ ይቀራል። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም፤ የአንዲት ቃል መውደቅ ግን የእውነትነት ሁኔታውን ከሰዎች አፍ ወደ አስፋልቱ አዛውሮታል። «ማን አለ? አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?» ብሎ መጠየቅ የወደቀችውን ቃል ወደ ቦታዋ መመለስ ነው።

አሉታም እንዲሁ ያጠምዳል። «ሁሉም ቡና አልታጠበም» የሚለው አንድም ቡና አልታጠበም ሊሆን ይችላል፤ የታጠበም ያልታጠበም አለ ሊሆን ይችላል። አሥር ጆንያ ውስጥ ስድስቱ የታጠበ ቢሆን በመጀመሪያው ንባብ ሐሰት፣ በሁለተኛው እውነት ነው። ውል ላይ ከሆነ «አንድም የታጠበ የለም» ወይም «ከፊሉ አልታጠበም» ብሎ መጻፍ ጠቡን ያስቀራል።

ከዚህ የከበደው የደረጃ ቃላት ጉዳይ ነው። «ቡናው ደርቋል» ይባላል። ከዛፍ የተለቀመ ቀይ እሸት ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ጎተራ ገብቶ ሳይሻግት እንዲቆይ ግን የፍሬው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ አካባቢ መውረድ አለበት። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ ነቅንቆ ፍሬው ውስጡ ሲንኳኳ ይሰማና «ደርቋል» ይላል። ገዢው የእርጥበት መለኪያውን ያስገባና 14 በመቶ ሲያነብ «አልደረቀም» ይላል። አንዱ ሌላውን ውሸታም ቢለው ያሳዝናል፤ ሁለቱም እንደየመስፈሪያቸው እውነት ተናግረዋልና። ጠቡ የሚያበቃው «ደርቋል» በሚለው ፈንታ «እርጥበቱ ከ12 በመቶ አይበልጥም» ሲባል ነው። ያን ጊዜ ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም። ለሁሉም ቃል ግን እንዲህ ያለ ቁጥር አይገኝም። «አዛውንት» ወይም «ሩቅ» የሚለው ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ ፈላስፎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ከፊሎቹ ድንበር አለ እኛ ግን አናውቀውም ይላሉ፣ ሌሎቹ መሐል ላይ ያለው እውነትም ሐሰትም አይደለም ይላሉ።

አሁን ወደ ረቂቁ እንምጣ። «የአሁኑ የጅማ ንጉሥ ረጅም ነው» ቢባል እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ጅማ ንጉሥ ነበራት፤ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነግሠዋል፣ ቤተ መንግሥታቸውም ጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሟል። ዛሬ ግን ንጉሥ የለም። ፈላስፋው በርትራንድ ረስል በ1905 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ንጉሥ ምሳሌ እንዳስረዳው፣ ዓረፍተ ነገሩ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይላል፦ ንጉሥ አለ፣ ከአንድ አይበልጥም፣ እሱም ረጅም ነው። የመጀመሪያው ስለወደቀ ሁሉም ሐሰት ነው። ሌላው ፈላስፋ ፒተር ስትሮሰን በ1950 እ.ኤ.አ. አልተስማማም። በእሱ አመለካከት የንጉሡ መኖር በዓረፍተ ነገሩ አልተነገረም፤ እንዳለ ተወስዶ ነው የታለፈው። ያ የተወሰደው ከሌለ እውነት ነው ሐሰት ነው የሚለው ጥያቄ ራሱ አይነሳም።

ለዕለት ተዕለት ኑሮ የስትሮሰን ምልከታ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለናል። ገዢ ሻጩን «ቡናው ላይ ውሃ መርጨት ተውክ?» ቢለው፣ «አዎ» ያለ ድሮ እረጭ ነበር ማለቱ ነው፤ «አልተውኩም» ያለ ደግሞ አሁንም እረጫለሁ ማለቱ ነው። ሁለቱም መልሶች ያልተነገረውን ይቀበላሉ። ትክክለኛው መንገድ ጥያቄውን ሳይመልሱ በሥሩ ያለውን ማንሳት ነው፦ «መቼም ረጭቼ አላውቅም»። እንዲህ ያለው የተደበቀ መነሻ በቀላሉ ይለያል። ዓረፍተ ነገሩን ወደ አሉታ መልሰው ይዩት፤ ከአሉታው በኋላም ሳይነካ የሚቀረው ነገር አስቀድሞ እንደ እውነት የተወሰደው ነው። «ንጉሡ ረጅም አይደለም» ስንልም ንጉሥ ያለ ይመስላል።

ብዙ ሰው የእውነትነትን ሁኔታ ከማስረጃ ጋር ያምታታዋል። «የጅሬን ቤተ መንግሥት መሠረት የተቆፈረ ዕለት ዘንቦ ነበር» የሚለውን ዛሬ የሚያረጋግጥ መዝገብ ላይገኝ ይችላል። ዝናቡ ግን ያን ዕለት ወይ ጥሏል ወይ አልጣለም። ማስረጃ መጥፋቱ አባባሉን ሐሰት አያደርገውም፤ «ማን ያውቃል» ማለትና «እውነት የለውም» ማለት ሁለት ነገር ናቸው።

እምነት ላይ ስንደርስ ሁኔታው ይደራረባል። «ዘንቧል ብላ ታምናለች» የሚለው እውነት የሚሆነው በልጅቱ ልብ ውስጥ ባለው ነው፤ ውጭ ፀሐይ ቢሆን አይጎዳውም። የእሷ እምነት ግን እውነት የሚሆነው በዝናቡ ነው። «መዝነቡን ታውቃለች» ካልን ደግሞ ዝናቡም መጣል አለበት፤ ያልሆነውን ማወቅ አይቻልምና። «የዘነበ መስሏት ነው» ያለ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አለመዝነቡን ለሰሚው እየነገረ ነው።

ምኞት እምነት መስሎ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ፈላስፋዋ ኤሊዛቤት አንስኮም በ1957 እ.ኤ.አ. ባስተዋለችው መሠረት፣ እምነት ከዓለም ጋር ካልገጠመ መታረም ያለበት እምነቱ ነው፤ ምኞት ካልገጠመ ግን ምኞቱ ተሳሳተ አንልም፣ ዓለምን ለመለወጥ እንነሳለን። «ዘንድሮ የቡና ዋጋ ይጨምራል» ብሎ ምርቱን የሚያቆይ ሰው ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው፦ ምን ባይ ይህን አባባል እተወዋለሁ? ምንም የሚያስተወው ከሌለ የያዘው እምነት ሳይሆን ምኞት ነው።

ውሸትን ከሐሰት መለየትም ያስፈልጋል። አንድ ደላላ ገበሬውን በርካሽ ለመግዛት ሲል፣ ገበያው እንዳለ እያመነ «ዛሬ ሂርማታ ገበያ የለም» ይለዋል። እሱ ሳያውቅ ግን የዕለቱ ገበያ እውነትም ተሰርዟል። የተናገረው እውነት ነው፤ ሰውየው ግን ዋሽቷል፣ በልቡ ያለው ሌላ ነውና። ቅዱስ አውግስጢኖስ ውሸታምን የሚለየው ሐሳቡ ነው፣ የነገሩ እውነትነት አይደለም ያለው ለዚህ ነው፤ ለውሸት ንግግሩ ራሱም ሐሰት መሆን አለበት የሚሉ የኋላ ፈላስፎችም አሉ። ያም ሆነ ይህ «ተሳስተሃል» ለማለት ዓለምን ማሳየት ይበቃል፤ «ዋሽተሃል» ለማለት ግን ሰውየው ምን ያምን እንደነበር ማሳየት ግድ ነው። የመጀመሪያው ማስረጃ ብቻ ይዞ ሁለተኛውን ክስ ማቅረብ በሽማግሌ ፊትም በፍርድ ቤትም ያለ አግባብ ሰው ያዋርዳል።

አንድ ችግር ይቀራል። «ይህ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ነው» ቢባል፣ እውነት ከሆነ ሐሰት ይሆናል፤ ሐሰት ከሆነ ደግሞ እውነት። ታርስኪ አንድ ቋንቋ ስለ ራሱ ዓረፍተ ነገሮች እውነትነት እንዳይናገር በመከልከል አመለጠው። ፈላስፋው ሶል ክሪፕኪ በ1975 እ.ኤ.አ. ችግሩ ከዚህ እንደሚሰፋ አሳየ። ሁለት ተሟጋቾች አሉ እንበል። ከሳሽ «ተከሳሽ ዛሬ ከተናገረው አብዛኛው ሐሰት ነው» ይላል፤ ተከሳሽ «ከሳሽ ዛሬ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው» ይላል። ሁለቱም ለየብቻ ሲታዩ ምንም ነውር የለባቸውም፣ ሌላ ቀን ቢነገሩ በቀላሉ ይጣራሉ። ከሳሽ ሌላ ቃል ካልተናገረ፣ የተከሳሽ ሌሎች ንግግሮችም እኩሌታቸው እውነት እኩሌታቸው ሐሰት ከሆኑ ግን ሁለቱ አባባሎች እርስ በርስ ይታነቃሉ፤ አንዱን ለማጣራት ሌላውን፣ ሌላውን ለማጣራት አንዱን መያዝ ይመጣል፣ ዓለም ላይም የሚያርፍ ነገር አይገኝም። ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩን ሰዋስው ብቻ በመመርመር የእውነትነት ሁኔታው ጤነኛ መሆኑን አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ በዚያ ቀን ሌላ ምን እንደተነገረም ማየት ያስፈልጋል።