የብሌድ ሰርቨር ሻሲ የሃርድዌር ክፍሎች

የብሌድ ሰርቨር ሻሲ ብሌድ የሚባሉ ብዙ ቀጫጭን ሰርቨሮችን በአንድ ሳጥን ጎን ለጎን ይዞ ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣ፣ የኔትወርክ ግንኙነትና ቁጥጥር በጋራ የሚያቀርብላቸው መሣሪያ ነው። በራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ላይ የሚገጠም ተራ ሰርቨር የራሱ ፓወር ሰፕላይ፣ የራሱ ማራገቢያና የራሱ ኬብሎች አሉት። 16 እንዲህ ያሉ ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 2 የኤሌክትሪክ፣ 2 የኢተርኔት፣ 2 ወደ ስቶሬጅ የሚወስዱ የፋይበር ቻናልና 1 የቁጥጥር ኬብል ቢኖራቸው ከራኩ ጀርባ 112 ኬብሎች ይደረደራሉ። እነዚያው 16 ሰርቨሮች አንድ ሻሲ ውስጥ ሲገቡ አብዛኛው ግንኙነት በሻሲው ሆድ ባለ ሰሌዳ ላይ ያልቃል፤ ወደ ውጭ የሚወጣው የሻሲው የኤሌክትሪክ ገመድና ከስዊቾቹ የሚነሡ ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው።

አርኤልኤክስ ቴክኖሎጂስ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ሲስተም 324 በ3 ዩ ከፍታ 24 ሰርቨሮች ይይዝ ነበር፤ ሙቀቱን ለመቀነስም ኃይል ቆጣቢውን የትራንስሜታ ክሩሶ ፕሮሰሰር ይጠቀም ነበር። ዩ የራክ ከፍታ መለኪያ ሲሆን አንድ ዩ 44.45 ሚሊ ሜትር ነው። በ2002 አይቢኤም 7 ዩ ከፍታና 14 ብሌድ ያለውን ብሌድሴንተር፣ በ2006 ኤችፒ 10 ዩ ከፍታና 16 ብሌድ ያለውን ሲ7000፣ በ2008 ዴል በመጠን ተመሳሳይ የሆነውን ኤም1000ኢ፣ በ2009 ደግሞ ሲስኮ 6 ዩ ከፍታና 8 ብሌድ ያለውን ዩሲኤስ 5108 አቀረቡ። ሁሉም በ19 ኢንች ራክ ላይ ይገጠማሉ፤ የአንዱ ኩባንያ ብሌድ ግን ሌላው ሻሲ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሻሲ የሚመርጥ ተቋም ለብዙ ዓመታት የሚገዛቸውን ሰርቨሮችም አብሮ እየመረጠ ነው።

ብሌዱ

ብሌዱ ማዘርቦርድ፣ ብዙውን ጊዜ 2 ፕሮሰሰሮች፣ የሜሞሪ ስሎቶች፣ ከፊት ለፊት ሁለት ያህል ዲስኮችና የራሱ አነስተኛ የቁጥጥር ቺፕ አሉት። የሌለው ፓወር ሰፕላይና ማራገቢያ ነው። ሲ7000ን በመሰሉ ሻሲዎች ውስጥ ግማሽ ቁመት ያላቸው 16 ብሌዶች፣ ወይም ሙሉ ቁመት ያላቸው 8 ብሌዶች ይገባሉ፤ ማደባለቅም ይቻላል። ማዘርቦርዱ ላይ ተኝተው የሚገጠሙ ሜዛኒን ካርዶች ተጨማሪ የኔትወርክ ወይም የስቶሬጅ ወደቦች ይሰጡታል። ብሌዱ ወደ ቦታው ሲገፋ ከጀርባው ያለው ማገናኛ በሻሲው መካከል ካለው ሰሌዳ፣ ከሚድፕሌኑ፣ ጋር ይገጥማል፤ ኃይሉም መረጃውም በዚያው ያልፋል።

ሚድፕሌን

የሻሲው ዕድሜ የሚወሰነው እዚህ ነው። ሚድፕሌን ከፊት ብሌዶቹ፣ ከኋላ የግንኙነት ሞጁሎቹ የሚሰኩበት፣ በሻሲው መካከል የቆመ ሰርኪዩት ቦርድ ነው። ፕሮሰሰር የሚያረጅ ከሆነ ብሌዱ ይቀየራል፤ ስዊቹ ቢዘገይ ሞጁሉ ይወጣል። ሚድፕሌኑን ለመቀየር ግን ሁሉንም ብሌዶች አጥፍቶ ማውጣትና ሻሲውን መፍታት ያስፈልጋል።

በዚህ ምክንያት ንድፍ አውጪዎቹ ሚድፕሌኑን በተቻለ መጠን ባዶ ያደርጉታል። የመዳብ መስመሮችና ማገናኛዎች ይኖሩታል፤ ሊቃጠሉ የሚችሉ ንቁ ቺፖች ግን ከሞላ ጎደል አይቀመጡበትም። የሚሠራ ነገር ካልተቀመጠበት የሚበላሽ ነገርም ይቀንሳል። ሆኖም አንድ አደጋ አይቀርለትም፦ የማገናኛ ፒን መጣመም። ብሌድ በጉልበት የገፋ ወይም የታጠፈ ፒን ሳያይ ሌላ ብሌድ ያስገባ ሰው ጉዳቱን ከአንዱ ማገናኛ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ስለዚህ ብሌድ ከመሰካቱ በፊት ማገናኛውን በባትሪ ብርሃን ማየት ከሻሲው የጥገና ሥራዎች ሁሉ በጣም ቀላሉና በጣም የሚጠቅመው ነው።

ሁለተኛው ገደብ ፍጥነት ነው። በመዳብ መስመር ላይ ሲግናል በፈጠነ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፤ ጎረቤት መስመሮችም እርስ በርስ ይረብሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የጸደቀው ደረጃ አውጪው የመሐንዲሶች ማኅበር የአይትሪፕልኢ 802.3ኤፒ ደረጃ በእንዲህ ያለ ሰሌዳ ላይ ኢተርኔት የሚሄድባቸውን መንገዶች ደንግጓል። 10 ጊጋቢት በ4 ሌኖች (ትይዩ የሲግናል መንገዶች) ተከፍሎ እያንዳንዱ፣ ኢንኮዲንጉ የሚጨምራቸውን ቢቶች ጨምሮ፣ በሴኮንድ 3.125 ጊጋቢት ሊሄድ ይችላል፤ ወይም በአንድ ሌን ብቻ በ10.3125 ጊጋቢት ይሄዳል። ሁለተኛው አማራጭ የመስመር ብዛት ይቆጥባል፣ ግን የሰሌዳውን ጥራት ክፉኛ ይፈትናል። የዴል ኤም1000ኢ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በመጀመሪያው ሚድፕሌን ላይ ፋብሪክ ኤ የተባለው መንገድ በ1 ጊጋቢት ተወስኖ ነበር። በኋላ የመጣው 1.1 ሚድፕሌን ያንኑ መንገድ ወደ 10 ጊጋቢት አሳደገው። አሮጌው ሰሌዳ ያለው ሻሲ ላይ ላዩን ሲታይ ከአዲሱ በቀላሉ አይለይም፤ ስለዚህ ያገለገለ ሻሲ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የሚድፕሌኑን ቁጥር ነው።

የግንኙነት ሞጁሎች

ከኋላ የሚገቡት ሞጁሎች የኢተርኔት፣ የፋይበር ቻናል ወይም ኢንፊኒባንድ የተባለው ፈጣን ግንኙነት ስዊቾች ናቸው። ፓስ ስሩ የሚባለው ዓይነት ምንም ሳይወስን የእያንዳንዱን ብሌድ ወደብ እንዳለ ወደ ውጭ ያወጣል። ለኔትወርክ ቡድኑ ቀላል ቢሆንም የኬብል ቁጠባውን ይሰርዘዋል።

ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው የወደብ አቀማመጥ ነው። ብሌድ በሶፍትዌር ወደፈለገው ሞጁል አይሄድም፤ መንገዱ በመዳብ የተሣለ ነው። በሲ7000 ላይ ግማሽ ቁመት ያለው ብሌድ ከማዘርቦርዱ የሚወጡት ወደቦች ወደ ሞጁል ቦታ 1 እና 2፣ የመጀመሪያው ሜዛኒን ወደ 3 እና 4፣ ሁለተኛው ሜዛኒን ደግሞ ከ5 እስከ 8 ይሄዳሉ። ቦታዎቹ ጥንድ ጥንድ የሆኑት አንዱ ስዊች ሲወድቅ ብሌዱ በሌላው በኩል እንዲቀጥል ነው። የሜዛኒን ካርዱ ፋይበር ቻናል ሆኖ በትይዩው የተሰካው ኢተርኔት ስዊች ቢሆን፣ የቁጥጥር ሞጁሉ አለመግጠሙን ለይቶ ግንኙነቱን አይከፍትም።

ኃይል

ሲ7000ም ኤም1000ኢም 6 ፓወር ሰፕላይ ይይዛሉ። በሦስት በሦስት ተከፍለው ከሁለት የተለያዩ የኤሌክትሪክ መስመሮች ሲመገቡ አንደኛው መስመር ሙሉ በሙሉ ቢጠፋም ሻሲው መሥራቱን ይቀጥላል። በሲ7000 ላይ እያንዳንዱ 2400 ዋት ቢሆን፣ በዚህ አሠራር እርግጠኛ ሆኖ መጠቀም የሚቻለው 7200 ዋት ነው። ለብሌዶቹ የሚከፋፈለው 12 ቮልት ስለሆነ ይህ 600 አምፔር ማለት ነው። ይህን ያህል ከረንት በቀጭን የሰርኪዩት ቦርድ መስመር አያልፍም፤ ኤችፒ ኃይሉን ከሲግናሉ ሰሌዳ ለይቶ በወፍራም የመዳብ ሳህን ያስተላለፈው ለዚህ ነው። ሲስኮ በ2021 ባወጣው ኤክስ9508 ወደ 54 ቮልት ከፍ አለ። ለተመሳሳይ ኃይል ከረንቱ በ4.5 እጥፍ ይቀንሳል፤ ብክነቱ ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ በዚያው መዳብ ላይ የሚባክነው ኃይል ወደ 20 እጥፍ ያንሳል።

ማቀዝቀዣ

ቀዝቃዛ አየር ከፊት በብሌዶቹ መካከል ገብቶ ከኋላ ባሉት ማራገቢያዎች ይወጣል። ሲ7000 እስከ 10፣ ኤም1000ኢ ደግሞ 9 ማራገቢያዎች አሏቸው፤ ሥራ ሳይቋረጥ ይቀየራሉ። ማራገቢያ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚበላው ኃይል ወደ 8 እጥፍ ስለሚጠጋ፣ ብዙ ማራገቢያዎችን በዝግታ ማዞር ጥቂቶቹን በፍጥነት ከማዞር ይሻላል። አየር ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ብሌድ ያልገባበት ቦታ ክፍት ከተተወ አየሩ በዚያ ያልፍና የሚሠሩት ብሌዶች ይሞቃሉ፤ ባዶ ቦታዎች በመሸፈኛ መዘጋት ያለባቸው ለዚህ ነው።

አንድ 42 ዩ ራክ 10 ዩ የሆኑ 4 ሻሲዎች ይይዛል። ሙሉ ሲ7000 ክብደቱ ከ200 ኪሎ ግራም ስለሚበልጥ ወለሉ ከ800 ኪሎ በላይ መሸከም አለበት። እያንዳንዱ ሻሲ 5 ኪሎ ዋት ቢጠቀም እንኳ አንድ ራክ 20 ኪሎ ዋት ሙቀት ያወጣል። ብዙ ዳታ ሴንተሮች ራኩን የማይሞሉት ቦታ ስለተረፋቸው ሳይሆን የክፍሉ ማቀዝቀዣ ስለማይችለው ነው።

የቁጥጥር ሞጁል

ጥንድ ሆኖ የሚገጠመው የቁጥጥር ሞጁል ሙቀቱን፣ ማራገቢያዎቹንና የኃይል ክፍፍሉን ይከታተላል። አዲስ ብሌድ ሲሰካ ወዲያው አይበራም፤ የሚያስፈልገውን ዋት ይጠይቃል፣ ሞጁሉም በቂ ኃይል መኖሩን አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ሁለቱም ሞጁሎች ቢወጡ ብሌዶቹ በአጠቃላይ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ የሚጠፋው ክትትሉ ነው። ሲስኮ በዩሲኤስ 5108 የተለየ መንገድ ያዘ፤ አስተዳደሩን ከሻሲው አውጥቶ ብዙ ሻሲዎች በጋራ ለሚገናኙበት፣ ፋብሪክ ኢንተርኮኔክት ለሚባል ስዊች ሰጠው።

ሚድፕሌን የሌለው ሻሲ

ዴል በ2018 ያወጣው ኤምኤክስ7000ና የሲስኮው ኤክስ9508 የመረጃ መስመሮች የሚያልፉበትን ሚድፕሌን አስወግደዋል። ሁለቱም 7 ዩ ከፍታ፣ ከፊት ቀጥ ብለው የሚቆሙ 8 የሰርቨር ቦታዎችና 6 ፓወር ሰፕላይ አሏቸው። የሰርቨሩ ሜዛኒን ካርድ ከኋላ አግድም ከተቀመጠው የግንኙነት ሞጁል ጋር በቀጥታ ይገጥማል። በመካከል የቆመ ሰሌዳ ስለሌለ አየሩ የሚያልፍበት ሰፊ መንገድ ይከፈታል፤ ሲግናሉም አጭር ርቀት ይጓዛል። ከሁሉ በላይ የአውታረ መረቡ ፍጥነት ሲያድግ የሚቀየሩት ካርዱና ሞጁሉ ብቻ ናቸው፤ በኤም1000ኢ ላይ እንደሆነው ሻሲውን መፍታት አያስፈልግም።