የባሕር አኒሞን መርዝና መድኃኒት፦ የሚወራውና እውነታው

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ፣ ካፌ ቁጭ ባላችሁበት በስልክ የሚዞረው ቪዲዮ ብዙ ነው። አንዱ የባሕር አኒሞን መርዝ ሁሉን በሽታ ያድናል ይላል። ሌላው ነገሩን ከነጭራሹ ውሸት ያደርገዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

«አኒሞን የባሕር አበባ ነው።»
እንስሳ ነው፣ የጄሊፊሽና የኮራል ዘመድ። ቀይ ባሕር ውስጥም አለ። አበባ የሚያስመስሉት እጆቹ በዓይን የማይታዩ መርዘኛ መውጊያዎች አሏቸው።

«መርዝ መርዝ ነው፣ መድኃኒት አይሆንም።»
መርዙ የብዙ ፕሮቲኖችና ፔፕታይዶች (አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶች) ድብልቅ ነው። ብዙዎቹ ሶዲየምና ፖታሲየም ወደ ሕዋስ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን መተላለፊያ መርጠው ነው የሚይዙት፤ ተመራማሪዎችን የሳባቸውም ይሄ መራጭነቱ ነው። ከካሪቢያን አኒሞን የተገኘውን ኤስ ኤች ኬ የተባለ ፔፕታይድ እንውሰድ። 35 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት) ብቻ ነው፣ ግን ኬቪ 1.3 የሚባለውን የፖታሲየም መተላለፊያ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ ይህ መተላለፊያ ደግሞ የገዛ ሰውነታችንን ለሚያጠቁ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት በጣም ያስፈልጋቸዋል። ችግሩ የተፈጥሮው ፔፕታይድ ነርቭ ላይ ያለውንም ተመሳሳይ መተላለፊያ ይነካል። ስለዚህ ቀይረው ዳላዛታይድ የሚባለውን ሠሩ።

«እንግዲያው መድኃኒቱ ወጥቷል።»
አልወጣም። ዳላዛታይድ ሶሪያሲስ በተባለው የቆዳ ሕመም በተያዙ ጥቂት ሰዎች ላይ ተሞክሯል፣ ግን ገና የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ነው። ሐኪም ያዘዘላችሁን ትታችሁ ይሄን አትጠብቁ።

«በጥቂት በጥቂቱ ከወሰዱት ሰውነት ይለምደዋል።»
እባካችሁ ይሄን የሚላችሁን ሰው አትስሙ! ፈረንሳዮቹ ሳይንቲስቶች ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲየ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ውሾችን ከአኒሞን መርዝ ጋር ለማላመድ ሞክረው ነበር። በመጀመሪያው መርፌ ያልሞቱት ውሾች ከሳምንታት በኋላ በጣም ትንሽ ሲጨመርላቸው ወዲያው ታመው ሞቱ። ዛሬ በፔኒሲሊን ወይም በንብ ንድፊያ ሰው ድንገት የሚወድቅበት አናፊላክሲስ የሚባለው ከባድ አለርጂ በስም የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሪሼም በ1913 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመበት።

«እንስሳው ታድኖ ያልቃል።»
አያልቅም፤ የፔፕታይዱ አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ከታወቀ በላብራቶሪ ይሠራል።

«ባሕር የሌለን እኛን ምን አገባን?»
በጣም ያገባናል። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች አንዱ ገብታችሁ የደም ግፊት መድኃኒት ብትጠይቁ ኢናላፕሪልን ታገኛላችሁ። እሱ የተሠራው ካፕቶፕሪል የተባለውን ቀደም ያለ የግፊት መድኃኒት ፈለግ ተከትሎ ነው፣ የካፕቶፕሪል መነሻ ደግሞ የብራዚል እባብ መርዝ ነው። ከባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ የተገኘው ዚኮኖታይድም በ2004 እ.ኤ.አ. ለከባድ ሕመም ማስታገሻነት አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የብዙ መርዞች ፔፕታይድ ቅርጽ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ስላለ፣ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ የምትማር ልጅ ባሕር ሳታይ ኤስ ኤች ኬን ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ የትኛው አሚኖ አሲድ መተላለፊያውን እንደሚደፍን ማጥናት ትችላለች።