በሰው አገር የሚሠሩ ወንዶች እና በልክ መጠጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለሥራ ወደ ሌላ አገር ስለሄደ ሰውና ስለ መጠጥ ሲወራ፣ ወሬው ወይ «ስደት አጠፋው» ነው፣ ወይ «ጠንካራ ስለሆነ ተረፈ» ነው። ሁለቱም ሰውየውን ብቻ ነው የሚያዩት። ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ደሞዙን መቼ እንደሚቀበል፣ ምሽቱን የት እንደሚያሳልፍ አይጠይቁም።

«ስደት ያጠጣል»

በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሌላ ነገር ነው የሚያሳዩት። አዲስ መጤዎች በአማካይ ከአገሬው ሰው ያነሰ ይጠጣሉ። ጭራሽ የማይቀምሱም ብዙ ናቸው። ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ አለ፣ ዕዳ አለ፣ ይዘውት የመጡት ሃይማኖት አለ። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን የብዙዎች አጠጣጥ ወደ አገሬው ይጠጋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በደህና ያለፈ ሰውም ባይዘናጋ ጥሩ ነው።

«ልክ ማወቅ የፈቃድ ጉዳይ ነው»

ብዙ ሰው በከንቱ ራሱን የሚወቅሰው በዚህ አባባል ነው። እስቲ የደሞዝ ቀን ማታን እንይ። አምስት የሥራ ባልደረቦች አንድ ጠረጴዛ ከበዋል። አንዱ ለሁሉም ያዝዛል። የተጋበዘ ደግሞ ሳይጋብዝ መነሳት ነውር ነው። ዙሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ አምስት ቢራ ጠጥቷል፤ አምስት ልጠጣ ብሎ ከቤቱ የወጣ ግን አንድም የለም።

መጠኑን የወሰነው የሰዎቹ ብዛት ነው። የራሱን ብቻ የሚያዝዝ፣ ዘግይቶ የሚደርስ ወይም ወደ ቤት የሚልከውን ገንዘብ አስቀድሞ የላከ ሰው ያለ ብዙ ትግል ያነሰ ይጠጣል።

መኖሪያውም ወሳኝ ነው። ሚስትና ልጆች አብረው ሲኖሩ ምሽቱ ባለቤት አለው። በአንድ ክፍል ተደራርበው ለሚኖሩ ወንዶች ግን መጠጥ ቤቱ ሳሎናቸው ነው። ሌላ መቀመጫ የላቸውማ! የእግር ኳስ ቡድን፣ የቋንቋ ትምህርት ወይም የአምልኮ ቦታ ያገኘ ሰው ከምክር ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። የቤተሰብ መምጣት ብቻውን መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። የቤት ኪራይና የሥራ ጭንቀትም አብረው ሊጨምሩ ይችላሉ።

«ሳምንቱን ሙሉ አልቀምስም፤ ቅዳሜ ብቻ ነው»

ያንኑ ጠረጴዛ በቁጥር እንየው። 5 በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ቢራ ወደ 20 ግራም ንጹህ አልኮል ይዟል። አምስቱ 100 ግራም ይሆናል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው መመሪያ ለአዋቂ የተቀመጠው ጣሪያ በሳምንት 112 ግራም አካባቢ ነው፤ እሱም በ3 ወይም ከዚያ በላይ ቀናት ተከፋፍሎ። ቅዳሜ ማታ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ሊጨርሰው ትንሽ ነው የቀረው ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ሲገባ ጉበትም ልብም ይጎዳሉ።

«ድካም ያወጣል፣ ያስተኛል»

ቶሎ ማስተኛቱ እውነት ነው። ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፤ ሰውየው ደክሞት ይነሳል። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም አካባቢ ነው። ማታ 100 ግራም የጠጣ ሰው ማለዳ ፈረቃ ሲገባ፣ መሰላል ሲወጣ ወይም መሪ ሲጨብጥ ገና ከደሙ ላይጠራ ይችላል። ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም ይህን አያፋጥኑም። ለቀን ሠራተኛ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

«በልክ ከሆነ ለጤና ጥሩ ነው»

አልኮል ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ፍጹም አስተማማኝ የሚባል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ባነሰ ቁጥር ጉዳቱ ያንሳል፤ ከዚያ ያለፈ ተስፋ አይሰጥም።

«ወንድ ልጅ በራሱ ያቆማል»

አንዳንዱ ያቆማል። ከጤና ባለሙያ ጋር የሚደረግ አጭር ውይይትም የብዙዎችን መጠን እንደሚቀንስ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄ ያለው የአጠጣጥ መመዘኛ አለ፤ ለመሙላት ደቂቃዎች ይበቃሉ። ቋንቋ ካስቸገረ አስተርጓሚ መጠየቅ ወይም የሚያምኑትን ሰው ይዞ መሄድ ይቻላል።

በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የቆየ ሰው ግን በአንድ ጀምበር ለብቻው አያቁም። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው፣ የሌለ ነገር የሚታየው ወይም የሚጥለው ከሆነ ሕይወቱን ሊያሳጣው ስለሚችል፣ አብረውት የሚኖሩት ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።