የጎንደር ድረ ገጾችና አሳሽ ሮቦቶች

አሳሽ ሮቦት ከማስፈንጠሪያ ወደ ማስፈንጠሪያ እየተሻገረ የድረ ገጾችን ጽሑፍ የሚሰበስብ ፕሮግራም ነው። የፍለጋ ሞተሮች ማውጫቸውን የሚያደራጁት፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎችም ለሞዴሎቻቸው ማሠልጠኛ የሚሆን ጽሑፍ የሚለቅሙት በእነዚህ ሮቦቶች ነው። የነገሥታት መናገሻ የነበረችው ጎንደር በአማርኛ ብዙ ተጽፎላታል። ከዚህ ውስጥ ሮቦት የሚያነበው ምን ያህሉን እንደሆነ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን የፊደሉ ጉዳይ ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው የላቲን ፊደላትን ቦታ በተዋሱ ፎንቶች ነበር። እንዲህ የተጻፈ ገጽ ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ሮቦቱ የሚያገኘው ግን ትርጉም አልባ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ችግሩ አላለፈም። በቀድሞ ፎንት ተጽፈው ወደ ፒዲኤፍ የተቀየሩ የታሪክ ጽሑፎች ዛሬም አሉ። መለየቱ ቀላል ነው፦ አንድ አንቀጽ ገልብጦ ሌላ ቦታ መለጠፍ ይበቃል። አማርኛው ከተበላሸ ሮቦቱም ያየው ያንኑ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የሚጽፍ ሰው «ብርሃን» ወይም «ብርሀን»፣ «ሥላሴ» ወይም «ስላሴ» ሊል ይችላል። ለአንባቢ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለፕሮግራም አራት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የከተማዋ ስም ራሱ «ጎንደር» እና «ጐንደር» ተብሎ ይጻፋል። የትኛው ይበልጣል የሚለው አከራካሪ ነው፤ በቆዩ ጽሑፎች ሁለተኛው ይዘወተራል። አንዱን መርጦ በርእስና በአንቀጽ ሁሉ አጽንቶ መያዝ፣ ሌላውን ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ መጥቀስ ሁለቱንም ፈላጊ ያገናኛል። በቃላት መካከል ክፍተት ሳይተዉ ሁለት ነጥብ ብቻ ማድረግም ክፍተትን ተከትሎ ቃል ለሚለይ ፕሮግራም ሙሉውን ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ያደርግበታል።

የቀን አቆጣጠርም ያሳስታል። ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979፣ ማለትም በ1972 ዓ.ም. ነው። አንድ ገጽ 1979፣ ሌላው 1972 ብቻ ብሎ ሲያልፍ ማሽኑ የሚያየው ተቃርኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ስኪማ ዶት ኦርግ የሚባለው፣ ቀንንና ቦታን የመሰለ መረጃ ለማሽን ለይቶ የሚያሳይ የምልክት አሰጣጥ የሚቀበለው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ስለሆነ፣ በአማርኛው ጥር 11 የተባለው ጥምቀት እዚያ ወደ ጃንዋሪ 11 ሳይሆን ወደ ጃንዋሪ 19 ወይም 20 መለወጥ አለበት።

ጎንደርን በእጅጉ የሚጎዳት ሌላው ነገር ጽሑፍን በምስል ላይ ማስቀመጥ ነው። የሆቴል አድራሻ፣ የጉብኝት ዋጋ፣ የበዓል መርሐ ግብር በሚያምር ፖስተር ላይ ይጻፍና ፋይሉ በካሜራ ቁጥር ስም ይጫናል። አብዛኛው ሮቦት የሚያነበው ያንን ቁጥር ብቻ ነው። መድኃኒቱ መረጃውን በገጹ ላይ በፊደል መድገምና ለምስሉ መግለጫ መስጠት ነው፤ ለምሳሌ «በጥምቀት ዕለት ምእመናን የከበቡት የፋሲለደስ መጠመቂያ፣ ጎንደር»። ይህን ለማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሮቦትስ ዶት ቲ ኤክስ ቲ የተባለው ፋይል እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀምሮ በ2022 መደበኛ ሰነድ ተዘጋጅቶለታል። የትኛው ሮቦት የት እንዳይገባ ይጠይቃል፤ ቁልፍ ስላልሆነ ግን እምቢ የሚልን ሮቦት አያግድም። ሳይትማፕ ደግሞ የገጾችን ዝርዝር ያቀርባል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የቻትጂፒቲ ሠሪ የኦፕንኤአይ አሳሽ ሮቦት ጂፒቲቦት ይፋ ከሆነ ወዲህ ሌላ ጥያቄ ተነሥቷል። ብዙዎቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሮቦቶች ጃቫስክሪፕትን፣ ማለትም ገጹ ከተከፈተ በኋላ ይዘት የሚጨምረውን ኮድ፣ ስለማያስኬዱ ዋናው ጽሑፍ በኤችቲኤምኤሉ፣ በገጹ መሠረታዊ ፋይል ውስጥ ከመጀመሪያው መኖር አለበት። እንግባ ሲሉ ይፈቀድላቸው ወይስ ይከልከሉ በሚለው ላይ አዘጋጆች አይስማሙም፤ ያለ ክፍያ ድካማችን ይወሰዳል የሚሉ አሉ፣ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም የጎንደር ልጆች የጻፉት ከተዘጋ፣ ስለ አብያተ መንግሥቱና ስለ ጥምቀቱ ለሚጠየቅ ሁሉ ማሽኑ የሚመልሰው የሦስት ቀን እንግዳ ከጻፈው ማስታወሻ ነው።