በመንግሥት ጉዳዮች ክፍል የተግባር ልምምድ ማድረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የልምምድ ወቅት በደረሰ ቁጥር የትብብር ደብዳቤ ይዘው ከሚመጡ የጎንደር ተማሪዎች ጋር ስነጋገር ተመሳሳይ ግምቶችን እሰማለሁ። በሕዝብ ፖሊሲ ላይ በሚሠራ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ውስጥ «የመንግሥት ጉዳዮች» የሚባለው ክፍል ምን እንደሚሠራ ቀድሞ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ስሙም ራሱ ስለሚያሳስት ብዙዎች ከመንግሥት ኮሙኒኬሽን ወይም ከሕዝብ ግንኙነት ሥራ ጋር ያምታቱታል። የክፍሉ ሥራ ምክር ቤቶችና አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች ሊያወጡት ያሰቡትን ሕግ፣ መመሪያና በጀት መከታተል፣ ጉዳዩን በማስረጃ መመርመርና ውሳኔው ከመተላለፉ በፊት የድርጅቱን አስተያየት ለሚመለከተው አካል ማድረስ ነው።

«ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ።»

ይህን አብዝተው የሚሉት ከተማሪዎቹ ይልቅ ወላጆቻቸው ናቸው፤ በአገራችን ያዩትን ለሚያስታውስ ሰው ፍርሃታቸው የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁን እንጂ የፓርቲ ፖለቲካ ሥልጣን የመያዝ ጉዳይ ሲሆን፣ የፖሊሲ ሥራ ግን ሥልጣን ላይ ያለው ማንም ይሁን ማን የሕጉን ይዘት የሚመለከት ነው። ይህን ድንበር ሕጉም ያውቀዋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የውጭ ድርጅቶች እንዲሁም በኢትዮጵያ ነዋሪ በሆኑ የውጭ ዜጎች የተቋቋሙ አገር በቀል ድርጅቶች፣ በሌላ ሕግ ካልተፈቀደ በስተቀር፣ የፖለቲካ ፓርቲዎችን በመጎትጎት (ሎቢ በማድረግ)፣ በመራጮች ትምህርትና በምርጫ መታዘብ እንዳይሰማሩ ይከለክላል። በአሜሪካም ከግብር ነፃ የሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለምርጫ ዕጩ መደገፍም ሆነ ዕጩን መቃወም የተከለከሉ ሲሆን፣ ዋና ሥራቸው እስካላደረጉት ድረስ ግን በሕግ ረቂቅ ላይ መጎትጎት ይችላሉ። ስለዚህ ተለማማጁ በመጀመሪያው ቀን ሊጠይቅ የሚገባው ድርጅቱ በየትኛው ምድብ እንደተመዘገበ ነው፤ ወላጆችንም ከማንኛውም ማባበያ በላይ የሚያረጋጋው የዚህ ጥያቄ መልስ ይመስለኛል።

«መያድ (መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት) በሕግና በፖሊሲ ጉዳይ እጁን ማስገባት አይችልም።»

ይህ አባባል በአንድ ወቅት ለብዙ ድርጅቶች እውነት ነበር። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን በሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች ላይ እንዳይሠሩ አግዶ ስለነበር፣ ብዙዎቹ ሥራቸውን ወደ ልማትና አገልግሎት አዙረዋል ወይም ተዘግተዋል። ትዝታው እስከ ዛሬ ስለቆየ ነባር ሠራተኞች እንኳ «አድቮኬሲ» (ለሕግና ለፖሊሲ ለውጥ መሟገት) የሚለውን ቃል ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ አያለሁ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን የቀድሞውን ሽሮ፣ ድርጅቶች በሥራ ላይ ያሉ ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲሻሻሉ ወይም አዳዲሶች እንዲወጡ ሐሳብ የማቅረብ መብት እንዳላቸው በግልጽ ደንግጓል። አዋጅ ደግሞ ይሻሻላልና፣ ለማንኛውም ተለማማጅ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ የወቅቱን ጽሑፍ ከነማሻሻያው ፈልጎ ማምጣት ነው።

«ጉትጎታ ማለት ሻይ ቡና ማለት ነው።»

ጉቦ ወንጀል ነው፤ ጉትጎታ ደግሞ በአደባባይ የሚቀርብ ክርክር ነው። በእኛ አሠራር አስተያየቱ በደብዳቤ ይጻፋል፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ጉዳዩን የሚመለከተው የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ መድረክ ከጠራም በቃል ይብራራል። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል ማለት ይቻላል። በአሜሪካ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በክፍያ የሚሠሩ ጎትጓቾች እንዲመዘገቡና ለማን እንደሚሠሩ በየጊዜው ሪፖርት እንዲያደርጉ ያስገድዳል።

«ሥራው ሁሉ አዲስ አበባ ነው፤ ጎንደር ሆኖ ምን ይሠራል?»

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ለክልሎች የራሳቸውን ሕግ የማውጣት፣ የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ፖሊሲ የመቅረጽ፣ እንዲሁም በፌዴራል ሕግ መሠረት መሬትን የማስተዳደር ሥልጣን ሰጥቷል። የአማራ ክልል ምክር ቤት የሚቀመጠው ከዚህ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ባሕር ዳር ሲሆን፣ አዋጆቹ የሚታተሙት በነጋሪት ጋዜጣ ሳይሆን በክልሉ «ዝክረ ሕግ» ጋዜጣ ነው። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009ን የሚፈልግ ተማሪ ፌዴራል ጋዜጣ ሲያገላብጥ ቢውል አያገኘውም። ከዚህም በታች የከተማው ምክር ቤት አለ።

የአንገረብን ጉዳይ እንውሰድ። ለከተማው ውኃ የሚሰጠው ግድብ በደለል እየተሞላ መሆኑን የሚያውቅ ነዋሪ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የተፋሰሱ እርከንና ተከላ የየትኛው መሥሪያ ቤት በጀት ውስጥ እንደሚገባ፣ ገንዘቡንም የሚያጸድቀው የከተማው ወይስ የክልሉ ምክር ቤት መሆኑን ለይቶ የሚናገር ጥቂት ነው። ይህን መለየት የአንድ ተለማማጅ የሁለት ወር ሥራ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሥራ ላይ ደግሞ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ወይም የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ከሕግ ተማሪው እኩል ያስፈልጋል፤ ልምምዱ ለሕግና ለፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ብቻ ነው የሚለውም ግምት እዚሁ ላይ ይወድቃል።

«እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገር ነው የሚፈለገው።»

ለለጋሾች የሚላክ ሪፖርት በእንግሊዝኛ እንደሚጻፍ አልክድም። ነገር ግን የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ጋዜጣው በሚታተምባቸው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲኖር የአማርኛው ቅጂ የበላይ እንደሚሆን ይደነግጋል። ተማሪዎቻችን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዓመታትን በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ አዋጅንም የሚያነቡት በእንግሊዝኛው ዓምድ ነው፤ «ይችላል» እና «አለበት» የሚሉት ቃላት የሚያመጡትን ልዩነት በአማርኛው ዓምድ ሲያዩ ይደነቃሉ። ጉዳዩ፣ አባሪውና ግልባጩ በቦታቸው ያሉበት፣ ጥያቄው በሦስት መስመር የሚገባ የአማርኛ ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ተመራቂ ደግሞ እጅግ ብርቅ ነው። እኔ ብጠየቅ ተለማማጅ የምመርጠው በዚህ ፈተና ነበር።

«ከልምምዱ በኋላ ደሞዝና ቅጥር አለ።»

አብዛኛውን ጊዜ የለም። የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፍኑ ድርጅቶች አሉ፤ ይህም ከመጀመሪያው በጽሑፍ መጠየቅና መታወቅ አለበት።

«ለልምምድ ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም።»

ለተማሪው የዕረፍት ጊዜ ስለሆነ እንዲህ ማሰቡ አይገርምም፤ የሕግ አውጪው የቀን መቁጠሪያ ግን ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ ስብሰባ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ድረስ ይካሄዳል። የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ በበጀት ላይ የሚደረገው እውነተኛ ክርክር ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ያልቃል። ቋሚ ኮሚቴ ሲወያይ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀንም ቢሆን፣ ቢመጣ ይሻለዋል። ከክረምት ውጭ ጊዜ የሌለው ግን የጸደቀውን በጀት ካለፈው ዓመት ጋር መስመር በመስመር እያስተያየ፣ መስከረም ላይ ምክር ቤቱ ሲከፈት የሚነሡትን ጥያቄዎች ሊያዘጋጅ ይችላል።